ብርድ ለማን ይነገራል?

ባለፈው ሰሞን የዚህ ጋዜጣ አዘጋጅ ደወለና «አንተ ሰው፣ ብዕርህ ዛገ እንዴ? አንድ ነገር ጻፍልን እንጂ» አለኝ። ስለምን ልጻፍ ብለው «ስለ ሀገር ጉዳይ ነዋ!» አለ። ስለ ሀገር ጉዳይ የሚጽፍማ ሞልቷል፤ እንዲያውም ከሚያነበው የሚጽፈው ሳይበዛ አልቀረም። የእኔን ጭንቅላት ይዞት የከረመው ጉዳይ ግን ጃኬት ነው። «ስለ ጃኬት እጽፋለሁ» ስለው ጥቂት ዝም ብሎ «የቆዳ ነው?» አለኝ።

የቆዳ አይደለም። ፍሊስ የሚሉት ነው፤ ስስ፣ ቀላል፣ ሲያዩት የሕፃን ብርድ ልብስ የሚመስል፣ ሲጠቀልሉት በክንድ ሥር የሚጠፋ። በዚህ ከተማ ከቤት ውጭ ቆሞ የሚሠራ ወገን ካለ እባክህ እስከ መጨረሻው አንብብልኝ። ማሞቂያ ያለው ቢሮ ውስጥ የምትውሉ ወደሚቀጥለው ገጽ ብታልፉ አልቀየምም።

እኔ ሀገር ቤት ሳለሁ ጋዜጠኛ ነበርኩ። ዕድሜዬ ዛሬ አርባን ተሻግሯል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ እዚህ ከከረሙ ወዲያ ሁለቱን እያቀላቀሉ መኖር ነው።) በነሐሴ 2014 መንግሥት በአምስት መጽሔቶችና በአንድ ጋዜጣ ላይ ክስ መመሥረቱን ሲያስታውቅ፣ ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ገብቷቸው ሻንጣ ካነሡት አንዱ ነኝ። ሻንጣዬ ውስጥ የነበረው ሁለት ሱሪ፣ ጥቂት ሸሚዝ፣ የምኮራበት የቆዳ ጃኬት፣ የዲግሪ ወረቀቴና እናቴ ራሷ ፈትላ ለሸማኔ የሰጠችው ጋቢ ነው። ጋቢውን እያስገባች «ፈረንጅ አገር ብርድ ነው አሉ፤ ደርበው» አለችኝ።

ዲግሪው የኖርዌይ ነው። በርገን በምትባል ባሕር ዳር ያለች ከተማ (የእኛይቱን ባሕር ዳር አላልኩም) ሁለት ዓመት ተምሬ ወደ አዲስ አበባ ተመልሼ ነበር። በርገን ዝናቧ አያባራም። እዚያ ሰው ሕፃኑን እንኳ ከውስጥ ስስ የበግ ሱፍ፣ ከላይ ውኃ የማያሳልፍ ልብስ አልብሶ ዝናብ ላይ ያስጫውተዋል። የክፍል ጓደኞቼ ጥጥ ከነቴራ ለብሼ ተራራ ልወጣ ስነሣ አይተው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ይህን ሁሉ አይቼ፣ ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ዋሽንግተን ስደርስ ረሳሁት። የተማረ ሰው ሞኝነት እንዲህ ነው፤ ያየውን በማስታወሻ ደብተሩ ይጽፍና በገላው ላይ አይሞክረውም።

ሥራ ያገኘሁት እንደ ብዙዎቻችን ፓርኪንግ ነው። ቦታው አዳምስ ሞርጋን፣ ከ18ኛ ጎዳና ጥቂት ገባ ብሎ፣ ጣሪያ የሌለው ሜዳ። ለሁለት ሰው የማትበቃ ቡዝ አለችው። አብረውኝ የሚሠሩት ሽማግሌ በሰማንያዎቹ መጀመሪያ በሱዳን በኩል የመጡ ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ አደራ ብለውኛልና ጋሼ ልበላቸው። እሳቸው ሲመጡ አዳምስ ሞርጋን የእኛ ሰፈር ነበር። ቀይ ባሕር፣ መስከረም፣ ሌሎችም ምግብ ቤቶች በዚያው ጎዳና ተደርድረው፣ አዲስ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እዚያ ነበር አሉ። ዛሬ እነዚያ ቤቶች የሉም። ኪራዩ ሲወደድ ወገን ወደ ዩ ስትሪት፣ ከዚያም ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ሸሸ። ጋሼ «ከሰፈሩ የቀረነው መኪና ጠባቂዎቹ ነን» ይላሉ።

ጥር 2015፣ ዓርብ ሌሊት ነው። ሙቀቱ 36 ፋራናይት። በረዶ የለም፤ የሚጥለው ዝናብ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፣ የዋሽንግተን ብርድ ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። እንደ ሰሜኖቹ ግዛቶች ደርቆ አይበርድም። ውኃ ወደ በረዶ ከሚለወጥበት ነጥብ ጥቂት ከፍ ብሎ ይቆምና መጀመሪያ ያረጥብሃል፤ የቀረውን ነፋሱ ይጨርሰዋል። እኔ የለበስኩት ከውስጥ የጥጥ ከነቴራ፣ ከላዩ የጥጥ ሸሚዝ፣ ከዚያ የጥጥ ሹራብ፣ ከሁሉ በላይ ያ የቆዳ ጃኬት። ብዛቱን ያየ ሰው ይህ ሰው ብርድ አይነካውም ይላል።

ዓርብ ማታ 18ኛ ጎዳና ላይ ሩጫው ማለቂያ የለውም። ቁልፍ ተቀብሎ መሮጥ፣ መኪና አውጥቶ መሮጥ። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ሥራው ጋብ አለና ቆምኩ። ያኔ ጀመረኝ። መጀመሪያ ጥርሴ ተንቀጫቀጨ፤ ከዚያ መንቀጥቀጡ ተወኝና ጥሩ ነገር መሰለኝ። ለካ ሐኪሞች ፍሩ የሚሉት ያንን ነው። ጣቶቼ ቁልፉን ከቀዳዳው ማገናኘት አቃታቸው። አንድ ደንበኛ ቲኬቱን ሲሰጠኝ ምላሴ ተሳስሮ አንድ ቃል ማውጣት አልቻልኩም። ጠጥቷል ብሎ ለአለቃችን ደወለ። ሰኞ ዕለት የማስጠንቀቂያ ወረቀት ተሰጠኝ። በጋዜጠኝነት ዘመኔ ብዙ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል፤ ሳልጠጣ ሰከርክ የተባልኩት ግን ያኔ ብቻ ነው።

ጋሼ ወደ ቡዟ አስገብተው ጃኬቱን፣ ሹራቡን፣ ሸሚዙን፣ ከነቴራውን አወለቁልኝ። ከነቴራውን ጨመቁት፤ ውኃ ወረደ። ከዚያ የራሳቸውን አሮጌ ሰማያዊ ፍሊስ በባዶ ገላዬ ላይ አጠለቁልኝና ከቴርሞሳቸው ሻይ ቀዱ። «ልጄ፣ አንተን የጎዳህ ዝናቡ ብቻ አይደለም፣ ላብህ ነው» አሉኝ። ከሰልባጅ ሱቅ በ6 ዶላር የገዟት ነበረች። ከሃያ ደቂቃ በኋላ አፌ ተፈታ። በማግሥቱ መልሰው ወሰዷት፤ «የራስህን ግዛ» ብለው።

ለመሆኑ ይህ ፍሊስ የሚሉት ምንድን ነው? ነገሩ ፕላስቲክ ነው፤ የውኃ ላስቲክ ከሚሠራበት ከዚያው ዘር የወጣ ፖሊስተር። ክሩ ሹራብ ሆኖ ይሠራና በሽቦ ብሩሽ ይፋቃል፤ ያን ጊዜ ፀጉሩ ይቆማል። በቆመው ፀጉር መካከል አየር ይታሰራል፣ የሚያሞቀውም ያ የታሰረ አየር ነው። ክሩ ራሱ ውኃ አይጠጣም። ጥጥ በተለመደ አየር ላይ እንኳ ከክብደቱ 8 በመቶ ገደማ እርጥበት ይዞ ይውላል፤ ፖሊስተር ግማሽ በመቶ አይሞላም። ጥጥ ሲረጥብ ፀጉሩ ይተኛል፣ አየሩ ይወጣል፣ ከገላ ይጣበቅና ሙቀት ይመጥጣል። የበግ ሱፍም ውኃ ይጠጣል፣ እንዲያውም ከጥጥ ይበልጥ፤ ግን ክሩ ጥምዝምዝ ስለሆነ ረጥቦም አይተኛም፣ አየሩን አይለቅም። የበርገን ሰዎች ምሥጢር ይኸው ነው።

ይህን ጨርቅ በ1970ዎቹ መጨረሻ ለዓለም ያወጣው ማልደን ሚልስ የተባለ የማሳቹሴትስ ፋብሪካ ነው፤ ሎውረንስ በምትባል የስደተኞች ከተማ። በታኅሣሥ 11 ቀን 1995 ፋብሪካው ተቃጠለ። ባለቤቱ አሮን ፊውርስቲን ያን ዕለት 70 ዓመታቸውን ደፍነው ነበር። የመድኑን ገንዘብ ይዘው ጡረታ ከመውጣት ይልቅ ሥራ ፈት ለሆኑት ሠራተኞቻቸው ለወራት ደመወዝ ከፈሉ፣ ፋብሪካውንም እንደገና ሠሩ። አገር አመሰገናቸው። በ2001 ግን ኩባንያው ከሰረና ከእጃቸው ወጣ። በ2021 በ95 ዓመታቸው አረፉ። ያችን የማስጠንቀቂያ ወረቀት ሳስታውስ እኚህ ሰው ትዝ ይሉኛል።

ነገሩ ለእኛ አዲስ መስሎን እንጂ አይደለም። ደራርቦ መልበስን ከመንዝ ገበሬ የሚያውቀው ማን ነው? ከውስጥ ጥጡን ይለብሳል፣ ጋቢ ይደርባል፣ ውርጩ ሲበረታ ከበጉ ጠጉር የተሠራ ባና ወይም በርኖስ ይጭናል። ለዝናብ ደግሞ ከሳር የተጎነጎነ ገሳ አለው፤ ውኃው በላዩ ተንሸራቶ ይወርዳል፣ ከሥሩ ያለው አይነካም። ፈረንጅ «የውስጥ፣ የመካከል፣ የላይ» እያለ በሦስት ስም በየሱቁ የሚሸጥልን ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ከውስጥ ያለው ጥጥ ላይ ነው። ጋቢ አራት እጥፍ ነው፣ በደረቅ ብርድ የሚስተካከለው የለም፤ ላብና ዝናብ ሲገቡበት ግን ነገር ይበላሻል።

ይህን ከአፌ አውጥቼ ለማለት ስንት ዓመት ፈጀብኝ። እናቴ በየእሑዱ ስደውልላት ጥያቄዋ አንድ ነበር፤ «ጋቢህን ትደርባለህ ወይ?» «እደርባለሁ እማዬ።» ውሸቴን ነው። አንድ ሌሊት ብቻ በካፖርት ሥር ጠቅልዬው ሄጄ በዝናብ ረጠበና ቤዝመንት ውስጥ ሁለት ቀን አልደርቅ ብሎ ሸተተ። ከዚያ በኋላ አጥቤ አጥፌ ሻንጣ ውስጥ አስቀመጥኩት። እሷ ግን ልጇ በእጇ ፈትል ተጠቅልሎ አሜሪካን የሚያድር ይመስላት ነበር። በመስክ የሰማሁትን አጣርቶ መጻፍ ሙያዬ የነበርኩ ሰው፣ ለአንድ አሮጊት ስለ አንድ ጋቢ እውነቱን መናገር አልቻልኩም።

እናቴ በ2021 አረፈች። መሄድ አልቻልኩም፤ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ለምን እንደማይሄድ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ አላብራራም። ሲልቨር ስፕሪንግ በተከራየሁበት ቤት ለቅሶ ስቀመጥ ጋቢውን አወጣሁና ለበስኩት። ሰው እየገባ እየወጣ ሦስት ቀን ከላዬ አልወረደም። ጋሼ መጥተው አጠገቤ ተቀምጠው ጫፉን በጣታቸው ዳበስ አደረጉና «የእሷ ፈትል ነው?» አሉኝ። ነው አልኳቸው።

ወደ ጃኬቱ ልመለስ። አምና በመጨረሻ የራሴን አዲስ ገዛሁ። እስከዚያ ድረስ የሰልባጅ ነበር የምለብሰው። ዋጋው ከ30 ዶላር ጀምሮ መቶን ያልፋል፤ እኔ 45 ከፍያለሁ። በኩሽና ሚዛን ስመዝነው 9 አውንስ፣ 255 ግራም ማለት ነው። ጋቢውን ከጎኑ ብመዝነው 1,300 ግራም ሆነ። ስስ ነው የመረጥኩት። ወፍራሙ ለተቀመጠ ሰው ጥሩ ነው፤ ለሚሯሯጥ ሰው ግን ላብ ማምረቻ ነው። አምራቾቹ በካሬ ሜትር ስንት ግራም እንደሚመዝን ቆጥረው 100፣ 200፣ 300 ይሉታል፤ የእኔው መቶ ነው።

መጀመሪያ የሞከርኩት ድልድዩ ላይ ነው። ከውድሊ ፓርክ ሜትሮ ወጥቶ ወደ አዳምስ ሞርጋን የሚሻገር ሰው የዱክ ኤሊንግተንን ድልድይ ያውቀዋል። ከሥር የሮክ ክሪክ ገደል፣ ከላይ ነፋስ። ፍሊሱን ብቻ ለብሼ ተሻገርኩ፤ ወንፊት ነው። ነፋሱ ገብቶ በሌላው በኩል ይወጣል፣ የታሰረውን አየር ጠራርጎት ይሄዳል። ሲመለስ የ20 ዶላር ስስ የዝናብ ጃኬት ከላዩ ደረብኩ። ያው ነፋስ፣ ያው ድልድይ፣ እኔ ግን ሌላ ሰው ሆንኩ። ስለዚህ ፍሊስ ብቻውን ይበቃኛል የምትሉ ገንዘባችሁን አታባክኑ፤ ይህ ልብስ ያለ ጓደኛ አይሠራም።

ቀጥሎ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ወደ ሸናንዶአ ሄደን ኦልድ ራግ የሚሉትን ወጣን። ቁመቱ 3,284 ጫማ ነው፤ አንድ ሺህ ሜትር ማለት ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለች ከተማ ተወልዶ ያደገ ሰው ወደ ሰማይ የሚወጣው ግማሽ መንገድ እንኳ ሳይደርስ ተራራ ወጣሁ ብሎ ፎቶ ሲነሣ ያስቃል። ያም ሆኖ ድንጋዮቹ ያስልባሉ። ዳገቱ ላይ ዚፑን እስከ ሆዴ ከፈትኩት፤ ላቡ ወጣ። ጫፉ ላይ ዘጋሁት፣ የዝናብ ጃኬቱን ደረብኩ። ስንወርድ ውስጤ ደረቅ ነበር። የጥጥ ኮፍያ ያለው ሹራብ የለበሰው ጓደኛችን ግን መኪና ውስጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ ማሞቂያ እንድንከፍትለት ለመነን። ከዚህ የተማርኩት፣ ዚፑ እስከ ታች የሚከፈተውን ግዙ፤ በአንገት ብቻ የሚከፈተውን ለሚቆም ሰው ተዉለት።

አጥቤው ብሰቅለው በሁለት ሰዓት ደረቀ። እዚህ ድረስ ሁሉ ምስጋና ነው።

ነቀፋው ደግሞ አለ፣ ከፈረንጅ መጽሔት የማታገኙት። አንደኛ፣ ፍሊስ ለቡና ቤት አይሆንም። እሑድ ዘመድ ቤት ቡና ሲፈላ ከምድጃው አንዲት የከሰል ብልጭታ ዘልላ እጅጌዬ ላይ አረፈች። ጋቢ ቢሆን ጥቁር ነጥብ ይቀራል፤ ይህ ግን ቀልጦ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ሆነ፣ ጠርዙም እንደ ላስቲክ ደረቀ። ሁለተኛ፣ ሽታ ይወዳል። ቁሌት በሚቁላላበት ቤት አንዴ ከተሰቀለ በማግሥቱ ሜትሮ ላይ ያለው ሰው ምሳችሁን ያውቀዋል። ላብም እንዲሁ ነው፤ ሱፍ ያሳልፈዋል፣ ይህ ያቆየዋል። ሦስተኛ፣ ለእኔ ዓይነት ሥራ የባሰው፣ በደረቅ ብርድ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል። ከመኪና ወንበር ተነሥቼ በሩን ስነካ ጣቴ ላይ ጠሽ ይላል። አንድ ጊዜ ቁልፍ ሳቀብል ደንበኛዋንም አስደነገጥኳት፤ ጉርሻ ሳትሰጠኝ ሄደች። ክርኑ ላይ ፀጉሩ እየተንከባለለ እንደ ሽሮ ጓል ይሆናል፤ ይህ ግን ለመልክ ብቻ ነው። በየእጥበቱም ዓይን የማያየው የፕላስቲክ ብናኝ ከውኃው ጋር እየወጣ ወንዝና ባሕር እንደሚገባ ሳይንቲስቶች ጽፈዋል። እኔ ሳይሸት አላጥበውም፤ ማለስለሻ አልጨምርበትም፤ ማድረቂያ ማሽን ውስጥም አልከተውም።

ልኩን አታስፉት። የእኛ ሰው «ለከርሞ ይሆናል» እያለ ሰፊ መግዛት ይወዳል። ሰፊ ከሆነ ከላይ የሚደረበው አይገባበትም፣ በወገብ በኩልም ነፋስ ያስገባል። ከሥሩም ከነቴራው ጥጥ ከሆነ 45 ዶላራችሁ ውኃ በላው። ስስ ሱፍ ወይም የስፖርት ፖሊስተር፣ እሱም ከሰልባጅ በ4 ዶላር ይገኛል።

ጋሼ ካለፈው ዓመት ወዲህ ሥራ አቁመዋል። እኔ አሁንም እዚያው ነኝ፤ ቅዳሜና እሑድ ብቻ።

በኅዳር አሌክሳንድሪያ ያለ ዘመዴ ደወለና አንድ ልጅ መምጣቱን ነገረኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ በስኩተር ምግብ ያደርሳል። ላየው ሄድኩ። ጂንስ፣ የጥጥ ከነቴራ፣ ኮፍያ ያለው የጥጥ ሹራብ። ራሴን ያየሁ መሰለኝ። የእሱ የቆዳ ጃኬት እንኳ የለውም። ጃኬቴን አውልቄ ሰጠሁት፤ ቀዳዳውን ቀድሜ አሳየሁት። ልጁ አገላብጦ ደረቱን አየና «ጋሼ፣ ብራንዱ ምንድን ነው?» አለኝ። ጋሼ መሆኔን ያኔ አወቅሁ። ከላዩ የዝናብ ጃኬት ካልደረብክበት ዋጋ የለውም ብዬ ሁለት ጊዜ ነገርኩት። «እሺ» አለ። እሺ የሚል ሁሉ ይገዛል ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ዝናብ ሲጥል ደወልኩለት። መንገድ ላይ ነበር፤ የስኩተሩ ድምፅ ይሰማል።

«ገዛህ ወይ?»

«አልገዛሁም ጋሼ፣ ደመወዝ ዓርብ ነው።»

«ታዲያ ምን ለበስክ?»

«ጃኬቱን ነዋ! ከላዩ ትልቁን ጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ለራሴና ለእጄ ቀድጄ አጠለቅኩት።»

የአያቶቼ ገሳ ትዝ አለኝ። «ይሠራል?» አልኩት።

«ይሠራል ጋሼ፤ ግን ይንኮሻኮሻል» አለና ትራፊኩ አረንጓዴ ሆኗል ብሎ ዘጋብኝ።